በፊትና በኋላ

የሰው ፊት የማን ነው? ጥያቄው መጀመሪያ ሲሰሙት እንግዳ ይመስላል። እጄ የእኔ ነው፤ እግሬም የእኔ ነው፤ ፊቴስ የማን ሊሆን ነው? ሆኖም አንባቢ ጥቂት ቢያስብበት፣ ፊት ባለቤቱ በገዛ ዓይኑ ሊያየው የማይችለው የአካል ክፍል መሆኑን ያስተውላል። እጃችንን እናያለን፤ ጉልበታችንንም እናያለን። ፊታችንን ግን መስታወት ወይም የረጋ ውኃ ካላዋሰን በቀር ሳናየው ተወልደን ሳናየው እንሞታለን። ተሸካሚዎቹ እኛ ነን፤ የሚያነብቡት ሌሎች ናቸው። ታዲያ ባለቤትነቱ የተሸካሚው ነው ወይስ የአንባቢው?

ይህን ጥያቄ ያመጣብኝ የፍልስፍና መጽሐፍ አይደለም። ያመጣብኝ አንድ ቁራጭ ፕላስተር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰዎች፣ በተለይም ሴቶች፣ ማታ ፊታቸውን ታጥበው ካደረቁ በኋላ በግንባራቸው፣ በሁለቱ ቅንድቦቻቸው መካከል፣ በዓይናቸው ጥግና በአፋቸው ዳር ፕላስተር ይለጥፋሉ። ቆዳቸውን በጣታቸው ወጠር አድርገው፣ ሽብሽቡን ዘርግተው፣ እንደ ተዘረጋ ያሽጉታል። ሌሊቱን እንዲሁ ተኝተው ጠዋት ይልጡታል። አንዳንዱ ፕላስተር ከወረቀት የተሠራ ነው፤ አንዳንዱ ከሲሊኮን፤ አንዳንዱም ስፖርተኞች በጉልበታቸውና በትከሻቸው ላይ የሚለጥፉት ዓይነት የሚለጠጥ ባለ ቀለም ጨርቅ ነው። ዓላማው ያለውን መጨማደድ መቀነስና ያልመጣውን መከላከል ነው። ልማዱ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በስልክ ቪዲዮዎች አማካይነት ከአገር ወደ አገር ተዛምቷል፤ የእኛም ሰው ደርሶታል።

አዲስ ነገር ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1889 ማርጋሬት ክሮሰን የተባለች አሜሪካዊት የቤት እመቤት፣ ፒያኖ ተጫዋች የነበረችው ልጇ ግንባር ላይ የሚወጣውን መስመር ለማስቀረት ሙጫ የተቀባ ወረቀት ሠራችላት። ያ ወረቀት ፍራውኒስ የሚል ስም ወጥቶለት ለገበያ ቀረበ፤ እስከ ዛሬም ይሸጣል። የፕላስተሩ ታሪክ የሚጀምረው፣ እንግዲህ፣ የልጇን ግንባር ትኩር ብላ ካየች እናት ነው። ይህን አንባቢ እንዲያስታውስልኝ እፈልጋለሁ፤ ኋላ እመለስበታለሁና። በ1950 የወጣው «ሰንሴት ቡሌቫርድ» የተሰኘው የቢሊ ዋይልደር ፊልም ደግሞ የዚህን ምኞት ሌላ ገጽታ አሳየን። ዘመኗ ያለፈባት የድምፅ አልባ ፊልም ተዋናይ ወደ ካሜራ ፊት ልትመለስ ነው ብላ አምና ፊቷን ለማደስ የማትቀበለው ሥቃይ የለም። የተጫወተችው ግሎሪያ ስዋንሰን ፊልሙ ሲቀረጽ ገና 50 ዓመቷ ነበር። እኔ ዛሬ ያንን ዕድሜ አልፌአለሁ፤ ማንም ግን ዘመንህ አለፈ ብሎኝ አያውቅም። ወደዚህም እመለሳለሁ።

ሙያዬ ነውና በቅድሚያ የሕክምናውን ነገር ልናገር። የፊት ጡንቻ ከሌላው የሰውነት ጡንቻ የሚለየው በማረፊያው ነው። የክንድ ጡንቻ ከአጥንት ተነሥቶ አጥንት ላይ ያርፋል፤ ሥራውም አጥንትን ማንቀሳቀስ ነው። የፊት ጡንቻዎች ግን፣ የማኘኪያዎቹን ትተን፣ አብዛኞቹ የሚያርፉት ቆዳ ላይ ነው። ስለዚህም ሲኮማተሩ ቆዳውን ያጥፉታል። አንድ ነገር ሲያሳስበን ቅንድባችንን ወደ መሐል የሚስበው ጡንቻ ሁለት የቆሙ መስመሮች ያወጣል፤ እኛ «ግንባሩን ቋጠረ» የምንለው ያን ነው። ስንደነቅ ግንባራችንን ሽቅብ የሚያነሣው ጡንቻ የተጋደሙ መስመሮች ያወጣል። ከልባችን ስንስቅ ደግሞ ዓይንን የሚከበው ጡንቻ የዓይናችንን ጥግ ይሸበሽበዋል። ፈረንሳዊው ሐኪም ዱሼን በ1862፣ ዳርዊንም በ1872 በታተሙት መጻሕፍታቸው ይህን ጉዳይ በሰፊው መርምረውታል። ቆዳ በወጣትነቱ ታጥፎ ይመለሳል፤ ኮላጅንና ኢላስቲን የሚባሉት ክሮች ይመልሱታልና። ዕድሜ፣ ፀሐይና ሲጋራ እነዚህን ክሮች ሲያደክሟቸው እጥፋቱ ሳይመለስ ይቀራል። በ2012 በአንድ ታዋቂ የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት የወጣ የ69 ዓመት ሰው ፎቶግራፍ ይህን ከመጽሐፍ ይበልጥ ያስተምራል። ሰውዬው ለ28 ዓመታት የጭነት መኪና ነድቷል። በመስኮቱ በኩል ፀሐይ ያገኘው የግራ ፊቱ ከቀኙ ይልቅ እጅግ የተሸበሸበና የደደረ ነው። አንድ ሰው፣ አንድ የልደት ቀን፣ ሁለት ፊት።

እንግዲህ ፕላስተሩ ምን ይሠራል? ግንባር የሚቋጠረው ቀን ነው። ቋጣሪው ጡንቻ በእንቅልፍ ሰዓት በአመዛኙ አርፎ ይተኛል። ሌሊት ግንባርን ማሸግ ሌባው ቀን ገብቶ ለሚሰርቀው ቤት የሌሊት ዘበኛ እንደ መቅጠር ነው። ጠዋት ላይ ቆዳው ለስልሶ መታየቱ እውነት ነው፤ ምክንያቱ ግን ፕላስተሩ የቆዳውን እርጥበት አፍኖ ማቆየቱና እጥፋቱን መጫኑ ነው። በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ፊት ወደ ቀድሞው ይመለሳል። በጎናቸው የሚተኙ ሰዎች ትራስ ለሚያወጣባቸው መስመር አንዳች ጥቅም ይኖረዋል ብሎ መገመት ይቻላል፤ መጨማደድን ለዘለቄታው እንደሚቀንስ ያረጋገጠ አስተማማኝ ጥናት ግን የለም። ጉዳቱ በአንጻሩ በደንብ ይታወቃል። ተመራማሪዎች የቆዳን የላይኛ ሽፋን ንብርብር በንብርብር መግፈፍ ሲፈልጉ የሚጠቀሙት መሣሪያ ራሱ ፕላስተር ነው! ማታ ማታ ተለጥፎ ጠዋት ጠዋት የሚላጥ ሙጫ ቆዳን ይልጣል፤ ያስቆጣል፤ አንዳንዱንም ሰው አለርጂ ያስይዛል። እንደ እኛ ባለ ጠይም ቆዳ ላይ ደግሞ ቁጣው ሲበርድ ለወራት የማይለቅ ጥቁር ምልክት ይተዋል።

ጡንቻን በእርግጥ የሚያሳርፈው ሌላ ነገር ነው፤ እሱም ቦቶክስ ነው። ነርቭ ለጡንቻ የሚልከውን መልእክት ለጥቂት ወራት የሚያቋርጥ መርዝ ነው። በአሜሪካ በ1989 ለዓይን ጡንቻ ሕመም፣ በ2002 ደግሞ በቅንድቦች መካከል ላለው መስመር ተፈቅዷል። ቆዳን መጠበቅ የሚሻ ሰው ግን መርፌም አያስፈልገውም። በ2013 የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት 903 ሰዎችን ለአራት ዓመት ተኩል ተከታትሎ፣ የፀሐይ መከላከያ ቅባት በየዕለቱ እንዲቀቡ የተደረጉት የቆዳቸው እርጅና ከሌሎቹ በ24 በመቶ ያነሰ ሆኖ አግኝቶታል። ባርኔጣ፣ ጥላ፣ ከሲጋራ መራቅ፣ ሐኪም የሚያዝዘው የቫይታሚን ኤ ዘር የሆነ ቅባት፤ የታወቀው ይህ ነው።

ጉዳዩ በዚህ ቢያበቃ ጽሑፌ የጤና ምክር ሆኖ ይቀር ነበር። አላበቃም። ስለ ሕመምተኞቼ መጻፍ አልወድም፤ ስለሆነም የአንዲትን ወይዘሮ ጉዳይ፣ ማንነታቸውን የሚያሳውቀውን ሁሉ ትቼ፣ ለጥያቄዬ የሚያስፈልገውን ብቻ ላስቀምጥ። ከእኔ ጋር የዕድሜ እኩያ ናቸው። በአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሁለት ፈረቃ እየደረቡ ብዙ ዓመት ሠርተዋል። ወደ እኔ የመጡት ግንባራቸው በአራት ማዕዘን ቅርጽ ቀልቶና ተልጦ፣ ዳር ዳሩ ጠቁሮ ነው። ምክንያቱን ስጠይቃቸው ስለ ፕላስተሩ ነገሩኝና ወዲያው ሳቁ።

«ዶክተር፣ ባል ፍለጋ እንዳይመስልዎት።»

«ቢሆንስ ምን ነውር አለው?» አልኳቸው።

«አይ፣ አገር ቤት ልሄድ ነው። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ለእናቴ ገንዘብና ፎቶግራፍ ስልክላት ነው የኖርኩት። ገንዘቡ እውነት ነው፤ ፎቶግራፉን ግን ከሃያው አንዱን መርጬ ነው። ቪዲዮ ሲመጣም መብራቱን አስተካክዬ፣ ስልኩን ከፍ አድርጌ ነው የምታየኝ። አሁን እኔው ራሴ ልሄድ ነው። ኤርፖርት ላይ መብራት አላስተካክል!»

«ምን እንዳያዩብዎ ነው?»

ጥቂት ዝም አሉ። «ገንዘቡ እንዴት እንደ መጣ» አሉኝ።

ፕላስተሩን እንዲተዉ፣ ቁስሉ እስኪሽር ቫዝሊን ብቻ እንዲቀቡ፣ ግንባራቸውን ከፀሐይ እንዲከላከሉ፣ ጥቁረቱም በወራት እንደሚለቅ ነገርኳቸው። ሐኪም የሚለው ይህን ነው። መልሳቸው ግን ሐኪሙን አልፎ ሰውየውን ነካው፤ ይህ ጽሑፍም ከእሳቸው ጋር ሳይሆን ከመልሳቸው ጋር የማደርገው ክርክር ነው።

እንዲህ ያለውን ነገር በከንቱ ውዳሴ መክሰስ ቀላል ነው። «መልክ ታጥቦ አይጠጣም» ብሎ መተረትም ይቻላል። ነገር ግን ፊትን ማሳመር ከባሕር ማዶ የመጣብን በሽታ ነው የሚል ካለ እናቶቹንና አያቶቹን ይጠይቅ። ዓይናቸውን የተኳሉት፣ አንገታቸውንና ግንባራቸውን የተነቀሱት፣ እጃቸውን በእንሶስላ ያቀሉት እነማን ነበሩ? ንቅሳት ከፕላስተር ይበልጥ ያማል። ልዩነቱ ሌላ ነው። ኩልና ንቅሳት በፊት ላይ የሚጨመሩ ቃላት ናቸው፤ ባለቤቷ ስለ ራሷ ልትናገር የወደደችውን ይናገራሉ። ፕላስተሩ ግን የተጻፈውን ለመፋቅ የተሠራ ነው። መጨመርና መፋቅ በፊደል ገበታም ቢሆን አንድ አይደሉም።

ደግሞም ይህን የምጽፈው እኔ ማን ነኝ? ሽበቴ ሥራዬን አልጎዳብኝም፤ እንዲያውም ጠቅሞኛል። ሕመምተኛ ሽበት ያለበትን ሐኪም ያምናል። ነጭ ካባ ለብሶ ግንባሩን የቋጠረ ወንድ «አሳቢ» ይባላል፤ ያንኑ ግንባር የተሸከመች ሴት «ደክሟታል» ወይም «አርጅታለች» ትባላለች። በሆቴል መስተንግዶ፣ በሱቅ፣ በአውሮፕላን ውስጥ ፊቷን ይዛ እንጀራዋን የምትበላ ሴት ፊቷ የሥራ ልብሷ ነው። ስለዚህ በምቾት ተቀምጬ «ሽብሽብሽን ውደጂው» ብላት ምክሬ ዋጋ የማይከፍል ሰው ምክር ይሆናል። በሥራ ገበያ የተገደደውን ሰው አልፈርድበትም፤ ፍርዱ መውረድ ያለበት በገበያው ላይ ነው።

የወይዘሮዋ መልስ ግን ከገበያው ውጭ ነው። እሳቸው ወጣት ለመምሰል አልፈለጉም፤ ቆንጆ ለመምሰልም አልፈለጉም። የፈለጉት የድካማቸው ደረሰኝ በእናታቸው እጅ እንዳይገባ ነው። ይህ ከንቱ ውዳሴ ሳይሆን ፍቅር ነው። እውነተኛው ጥያቄ እዚህ ላይ ይነሣል፤ ፍቅር መሸሸግን ይፈቅዳልን?

በስደት የሚኖር ኢትዮጵያዊ ሁሉ መልሱን በኑሮው ሰጥቷል፤ ይፈቅዳል ብሏል። ከወዲያ ያሉት ወላጆቻችን ሕመማቸውን ይሸሽጉናል፤ ቀዶ ሕክምናውን የምንሰማው ስፌቱ ከተፈታ በኋላ ነው። ከወዲህ ያለነው ደግሞ ከሥራ መባረራችንን፣ ትዳራችን መፍረሱን፣ ወገባችን መጎበጡን እንሸሽጋቸዋለን። በስልክ «እንደምን ናችሁ?» ሲባል መልሱ በሁለቱም ወገን «ደኅና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ነው። በሁለቱ ደኅንነቶች መካከል ሃያ ሠላሳ ዓመት ያልፋል። አንዱ ወገን ሌላውን ለማዳን ሲል ሁለቱም ብቻቸውን ይቀራሉ።

ለሚሸሽግ ፍቅር ከባሕላችን የሚጠቀስ ምስክር ቢፈለግ መርዶ ነው። አባቱ ያረፈበትን ሰው ማታ አንነግረውም፤ እንቅልፉን ይተኛ እንላለን። ወዳጅ ዘመድ ተጠራርቶ፣ ማን እንደሚናገር ተመካክሮ፣ ማለዳ ከሥራ ሳይወጣ በሩን ያንኳኳል። ይህንን ልማድ በአሜሪካም ሆነ በአውሮፓ ያልጣልነው ያለ ምክንያት አይደለም። እኔም በሙያዬ ክፉ ዜና የመንገር ሥርዓት ተምሬአለሁ፤ ከመርዶ የበለጠ ጥበብ አላገኘሁበትም። ነገር ግን የመርዶ ጥበቡ ምኑ ላይ ነው? በመሸሸጉ ላይ አይደለም። ጥበቡ መነገሩ ላይ ነው። መሸሸጉ የአንድ ሌሊት ነው፤ ሌሊቱ የሚያስፈልገው ማለዳ የሚያለቅሱ ሰዎች እስኪሰበሰቡ ነው። የመናገሪያ ማለዳ ያልተቀጠረለት መሸሸግ መርዶ ሳይሆን ንጥቂያ ነው። ከሰሚው ማወቁን ይነጥቃል፤ ከተናጋሪውም መጽናናትን።

እናትየዋ በልጃቸው ፊት ላይ ሁለቱን ፈረቃ ቢያነብቡ ምን ይደርስባቸዋል? ያዝናሉ፤ ምናልባትም ያለቅሳሉ። ግን ደግሞ የተላከላቸው ገንዘብ ከምን እንደ ተሠራ ያውቃሉ። ሃያ ሁለት ዓመት ዶላር ብቻ ሆኖ የደረሳቸው ነገር በዚያች ቅጽበት ልጅ ሆኖ ይደርሳቸዋል። ይመርቃሉ። ምርቃት ደግሞ የደረሰበትን ሳያውቁ የሚሰጡት ነገር አይደለም፤ ያልታየ ድካም አይመረቅም። ሌቪናስ የተባለው ፈላስፋ በ1961 ባሳተመው መጽሐፍ የሌላው ሰው ፊት ለእኛ የሚቀርብ ጥሪና ግዴታ ነው ብሎ አስተምሯል። ሐሳቡን በእኛ ኑሮ ብተረጉመው፣ ፊቴ የሚጠራውን ሰው ጥሪውን እንዳይሰማ ባደርገው መልስ የመስጠት መብቱን ወስጄበታለሁ ማለት ነው። መጀመሪያ ላነሣሁት ጥያቄ መልሱ ወደዚህ ያመራል፤ ፊት የተሸካሚው ብቻ አይደለም። ለአላፊ አግዳሚው ምንም ዕዳ የለብንም። የሚወድዱን ግን በፊታችን ላይ ድርሻ አላቸው።

ይህን ቋንቋችን ከእኔ በፊት ያወቀው ይመስለኛል። አሁን «ከእኔ በፊት» ስል ምን አልኩ? በአማርኛ ፊት የአካል ክፍል ነው፤ ፊት ወደምናይበት ያለው አቅጣጫ ነው፤ ፊት ደግሞ ያለፈው ዘመን ነው። «በፊት» ማለት ድሮ ማለት ነው። የሚመጣው ዘመን በአንጻሩ «በኋላ» ነው፤ ከጀርባችን ያለ፣ የማይታይ። «ፊት የበቀለን ጆሮ ኋላ የመጣ ቀንድ በለጠው» ስንል ስለ ጊዜ እንጂ ስለ ቦታ አንናገርም። በአባባላችን ሰው ወደ ነገው የሚጓዘው ፊቱን ወደ ኖረበት ዘመን መልሶ ነው፤ ያየውን ያየዋል፤ የሚመጣውን አያየውም። እንግዲህ ፊቱን የሚፍቅ ሰው በቋንቋችን ምን እየፋቀ ነው? በፊቱን ነው።

ለስደተኛ ይህ የቃላት ጨዋታ ብቻ አይደለም። ከመካከላችን ጃንዋሪ 1 የተወለደው ስንት ሰው ነው! አንዱ የስደተኛ መዝገብ ሲሞላ የልደት ቀኑን የሚያውቅ ጠፍቶ፣ ሌላው የዘመን አቆጣጠሩ ተምታቶ፣ ሌላውም ለጉዳዩ እንዲመች ተብሎ የተሰጠን ዕድሜ ነው። ስማችን በአጻጻፍ ተለውጧል፤ የአባት ስም የቤተሰብ ስም ሆኗል፤ የትምህርት ማስረጃችን የማይታወቅበት አገር ደርሰናል። እኔ በ1988 ለትምህርት ወደ ሌኒንግራድ የሄድኩት ከአንዲት አገር ወደ ሌላዋ ነበር፤ ትምህርቴን ሳልጨርስ የተማርኩባት አገርም የከተማዋ ስምም ተለወጡ፤ የላከኝም መንግሥት በ1991 ወደቀ። ወረቀቶቼ ሁሉ የሌሉ መንግሥታት ማኅተም ያለባቸው ናቸው። ማንም ያልተረጎመው፣ ማንም ያላረመው አንድ መዝገብ ቢኖረኝ ፊቴ ነው።

የአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎችም በዚህ ጉዳይ የሚሉት አላቸው። በጥንቱ ሥርዓት ጻድቁን በሁለት ዓይን፣ ፊት ለፊት ይሥሉታል፤ ክፉውን በጎኑ፣ በአንድ ዓይን። ፊቱን በሙሉ መስጠት የጽድቅ ምልክት ነው። ከዚህም አልፎ ሥላሴን ሲሥሉ ሦስት ትክክል የሆኑ ሽማግሌዎች አድርገው፣ ጠጉራቸውንና ጢማቸውን ነጭ አድርገው ይሥላሉ። ጊዜ የማይገዛውን፣ የማያረጀውን ለመሣል የመረጡት መልክ የሽማግሌ መልክ ነው! ሌላው ዓለም ዘላለማዊነትን በወጣትነት ሲመኝ፣ የእኛ ሠዓሊ ዘላለማዊነትን በሽበት ጻፈው። ይህን የማነሣው ሰው ሁሉ እንደ ሠዓሊው ይመን ብዬ አይደለም። እርጅናን እንደ ጉድለት ብቻ ማየት የሰው ልጅ ሁሉ ዕጣ እንዳልሆነ እንዲታወስ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ በሙያዬ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ሰው እንደ ሞተ ጡንቻው ሁሉ ይላላል። ግንባሩ ይፈታል፤ በቅንድቦቹ መካከል ያለው ቋጠሮ ይለሰልሳል፤ ዘመዶቹም ገብተው ሲያዩት «ተኝቶ እኮ ነው የሚመስለው፤ ወጣት ሆነ» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ፕላስተር፣ ቅባትና መርፌ ፈልገው ያጡትን ልስላሴ ሞት በደቂቃዎች ውስጥ ያለ ዋጋ ይሰጣል። የተቋጠረ ግንባር የሕይወት ሥራ ነው። አንዱ ግንባር መጽሐፍ ላይ ተቋጥሮ ነው፤ አንዱ በታመመ ሕፃን አልጋ አጠገብ፤ አንዱ እንግሊዝኛ ሲነገረው ለመረዳት ሲጣጣር ነው። የሳቅም መስመር አለበት፤ የዓይን ጥግ የሚሸበሸበው ከልብ ሲሳቅ ነውና። መስመሩን ጠልቶ ሳቁን መውደድ አይቻልም።

የሌሊቱም ነገር አለ። ሌሊት ሰው ፊቱን ከሥራ የሚያሳርፍበት ብቸኛ ሰዓት ነው። ቀን ለአሠሪው ፈገግ ይላል፤ ለደንበኛው ይለሰልሳል፤ ለልጁ ይደፍራል። ሲተኛ ግን ለማንም አይደለም፤ ፊቱ የገዛ ራሱ የሚሆነው ያኔ ነው። ፕላስተሩ ይህችን የመጨረሻ ዕረፍት ወደ ሥራ ይለውጣታል። ሁለት ፈረቃ ለሠራች ሴት ሦስተኛ ፈረቃ ይጨምርባታል፤ ማንም የማይከፍላት፣ ማንም የማያያት ፈረቃ።

እንግዲህ ምን እላለሁ? ፕላስተር የለጠፈ ኃጢአት ሠርቷል አልልም። ሠርግ ያለባት ሴት ለአንድ ምሽት ፊቷን ብታለሰልስ፣ እንጀራዋ የሚጠይቃት ብታደርገው፣ መስታወቷን ለማስደሰት ብታደርገው ምርጫው የእርሷ ነው፤ ከእኔ የሚጠበቀው ቆዳዋ እንዳይቆስል መምከር ብቻ ነው። ከፀሐይ መከላከሉም፣ ቆዳን መንከባከቡም መልካም ነው፤ መዝገብን ከእሳት መጠበቅና መዝገብን መፋቅ የተለያዩ ናቸውና። የምቃወመው አንዱን ብቻ ነው፤ ከሚወድዱን ሰዎች ድካማችንን ለዘለዓለም ለመሸሸግ በገዛ ፊታችን ላይ የምናደርገውን እሽግ። እሱ ቆዳን ብቻ ሳይሆን ዝምድናን ይልጣል። ልጅ እናቱን በማይታወቅ ፊት ከሚያቅፍ፣ ያረጀውን ፊቱን ይዞ ቢቀርብ ይሻላል። እናትየዋም አርጅታለች፤ እርስዋ ፊቷን አላሸገችም።

የፕላስተር ሻጮች ሁልጊዜ ሁለት ፎቶግራፎች ጎን ለጎን ያቀርባሉ። ከአንዱ ሥር «በፊት»፣ ከሌላው ሥር «በኋላ» ተብሎ ይጻፋል። በፊት የተባለው የተሸበሸበው ነው፤ በኋላ የተባለው የለሰለሰው። አንባቢ ሆይ፣ እነዚያን ሥዕሎች ዳግመኛ ሲያዩ ጽሑፉን በአማርኛ ያንብቡት። አንደኛው «በፊት» ይላል፤ ፊት ያለው እሱ ነው፤ የሆነው ሁሉ እዚያ አለ። ሁለተኛው ኋላ ነው፤ እንደ ጀርባ ልሙጥ፣ ማንም የማያነበው። እናቶቻችን የሚጠብቁን በየትኛው እንደሆነ ለመገመት ሐኪም መሆን አያስፈልግም።